ሐረጎ ይመስክር

«ጠጋ በሉ» ሲባል ጉልበቴን አጥፌ፣
በሚኒባስ መስኮት እንደ ቦሎ ተለጥፌ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐረጎን አልፌ፣
ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልኝ፤ መኪና ልገዛ ነው።
የወንድሜ ብድር ሲታከል ብሩ ይበቃል ባይ ነኝ፤
አይበቃም፣ ዐውቃለሁ። ግን ጨርቃ ጨርቁ በር ላይ
አምስት ደቂቃ ባረፈድኩ ቁጥር የግማሽ ቀን ስቀጣ፣
ጭጋግ የዋጠው ታክሲ ከጦሳ ሥር እስኪመጣ
መጠበቅ ሰልችቶኛል።

ደላላው ሙሄ ነው፤ ያልሸጠው ነገር የለም።
የአፉ ዘይት አያልቅም፤ የመኪናው እንዲያ አይደለም።
ቧንቧ ውሃ ጥግ ላይ ቀይ ቪትዝ አቁሞ፣
«የዶክተር ሚስት ናት የነዳቻት» ይለኛል፣ ፊቷ ቆሞ።
ቆጣሪው ስድሳ ሺህ ላይ ነኝ ይላል፤
የፍሬኑ ፔዳል ጎማ እስከ ብረቱ ተበልቷል።
ቁጥር ሰው ያስተካክለዋል፣ ይዋሻል፤
እግር የበላው ጎማ ግን ያየውን ይናገራል።

ሁለተኛዋን ያየነው ኮምቦልቻ፣ ከቢራው ፋብሪካ ወዲያ፤
ነጭ ያሪስ፣ ሙሽራ የምትመስል።
መካኒኩ ጋሽ አበጋዝ ከኪሱ ማግኔት አወጣ፣
ከአሮጌ ራዲዮ የፈታውን።
ቀኝ በሯ ላይ ያዘ። ግራው ላይ ወደቀ።
ደግሞ ሞከረ። ወደቀ። ባለቤቱ ሰማይ ሰማይ አየ።
«ልጄ፣ ስቱኮ ነው ይሄ፤ በር ሳይሆን ግድግዳ፤
ምስማር ምቺና ፎቶ ስቀይበት፤ መንገድ ላይ ግን ዕዳ።»

ሦስተኛዋን ማንም አልጠቆመኝም። ሰኞ ገበያ፣ አጥር ሥር
አቧራ ለብሳ ቆማለች፤ ዲኤክስ፣ ቀለሟ የወየበ፣
በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ አንዱ መስኮቷ በፒንሳ የሚወርድ።
ወይዘሮ ዘምዘም፣ ባላቸው የሞቱባቸው ካቻምና፣
«ዋጋው ይኸው ነው» አሉ፤ «አልቀንስም። መማልም አልችልምና
ነድተሽ እዪአት፤ ሐረጎ ይመስክር።»

ከሊብሬው ሥር ዳሩ የተበላ ደብተር አገኘሁ፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቀጭን እጅ ጽሑፍ፦
ዘይት፣ ኅዳር ዘጠኝ። የፊት ፍሬን ሸራ፣ ሐምሌ ሁለት።
ካንዴላ፣ አራቱም። የራዲያተር ክዳን፣ ዘምዘም አስታወሰችኝ።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ፤ አንድም ወር ያልተዘለለ።

«ቁልቁለቱ ፍሬኗን ይጠይቅ፤ ዳገቱ ሞተሯን» አለ አበጋዝ።
ገና ሳይነጋ ወረድን፣ በሁለተኛ ማርሽ፤ በየመጠምዘዣው
የሚቃጠል ሽታ ስጠብቅ፣ አፍንጫዬን ከፍቼ፣
የሸተተኝ የአበጋዝ ሲጋራ ብቻ።
ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ «ባዶዋንማ ማንም ይወጣል» አለኝ፤ «ሰው ጫኚ።»
የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ ሦስት ሴቶች ከኋላ ገቡ፤
ጸጉራቸው ላይ ጥጥ፣ ዐይናቸው ላይ እንቅልፍ።
አራተኛዋ በሩን ይዛ ቆመች፤ አሳዘነችኝ።
«ጠጋ በሉ» አልኩ።
አፌን ያዝኩ። አበጋዝ ሳቀ።

ሐረጎ ወገብ ላይ የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም፤
ጉሙ ሲያፍነን የግራ መብራቷ ፈዘዘ፤ መቼም ነውር የሌለው የለም።
ጎናችን አንድ ሚኒባስ ያቃስታል፤ መስኮቱ ላይ የአንዲት ሴት ጉንጭ።
አየችኝ፤ ወይም ጭጋጉን አየች።

ብሩ ተቆጠረ፣ ውሉ ተፈረመ፣ ቁልፉ እጄ ገባ።
ወይዘሮ ዘምዘም ደብተሩን ያዝ አድርገው ቆዩ፤
ከዚያ እሱንም ሰጡኝ። «ያለሱ አትሄድም» አሉ።
ማታ ቤቴ፣ ከባላቸው የመጨረሻ መስመር ሥር፣
በጥቁር እስክሪብቶ፣ በማያምረው እጄ ጻፍኩ፦
የግራ መብራት አምፖል፣ ነገ።