አንድ ድምፅ ለሁለት

በርገን ያን ሌሊትም እንደ ልማዱ ይዘንባል።
ይርጋ የሚነዳውን ባቡር ለባልደረባው ሰጥቶ፣
ከነዩኒፎርሙ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ፣
ሲደርስ፣ ሁለት የነበርነው አራት ሆነናል።

ሃያ ስምንት ሳምንት ከአራት ቀን።
አንዷ ከአንድ ኪሎ ጥቂት አለፍ ብላ፣
አንዷ ሦስት ሩብ፣ ኪሎ እንኳ ሳትሞላ።
ከሱቅ መደርደሪያ ስኳር ባነሣሁ ቁጥር
እጄ ዛሬም ድረስ እሷን ይመዝናል፤
መልሶ ያስቀምጣል፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበር።

ከአገር ቤት ደውለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ
«አሜን» አልኩኝ፤
የምሕረቷ ግማሽ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር፣
በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ በጠብታ የሚቆጠር።

ነርሷ ኢንግቪል በወተት ጠርሙሶቼ ላይ
«መንታ አንድ»፣ «መንታ ሁለት» እያለች ትለጥፋለች።
ስም አላወጣንም፤
ስም ያወጡለት ሰው ቢሄድ ስሙ ቤት ይቀራል፤ ያን ፈራን።
አንድ ማለዳ ይርጋ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ
«ውዳሴ»፣ «ትርሲት» ብሎ ጻፈ፣ ፊደሉን አጉልቶ።
ኢንግቪል ብዙ አየችው፤ «እግር ያላቸው ቤቶች ይመስላሉ» አለች፤
ማቀዝቀዣው ውስጥ ጎን ለጎን፣ ጎረቤት አድርጋ አስቀመጠች።

ሰማንያ ቀን ሞላ፣ የክርስትናቸው ዕለት፤
ለካ ያ ቀን ነበር ሊወለዱ የታሰቡበት።
ትርሲት ማተብ አላሰረችም፤
በእግሯ አውራ ጣት ላይ የታሰረች ቀይ መብራት
ትበራለች፣ ደሟን ታነባለች፣ ትቆጥራለች።
ውዳሴ በዚያው ሳምንት በታክሲ ቤት ገባች።
እኔ ግማሼ ባቡር ላይ፣ ግማሼ ዝናብ ላይ፣
አንዷን ባቀፍኩ ቁጥር ለሌላዋ ክንዴ ሲራብ፣
ሁለት ቤት የምትጠባ ላም እንኳ እንዲህ አትባክንም።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ትርሲትም መጣች፤
በአንገቷ ቀዳዳ፣ በሆዷ ቱቦ፣ ከነማሽኗ ገባች።
«አየሩ በአንገቷ ስለሚወጣ» አሉን፣ «ድምፅ የላትም»።
ሰማሁ እንጂ አልገባኝም፣
የመጀመሪያው ቀን እስክታለቅስ ድረስ፦
አፏ ይከፈታል፣
ፊቷ ይቀላል፣
እንባዋ ይወርዳል፣
ቤቱ ዝም ይላል።

ለቅሶ በዓይን መስማት ከዚያን ቀን ተማርኩ።
ለልጄ ጀርባዬን መስጠት ተውኩ።
ሽንኩርት እንኳ የምከትፈው ወደ እሷ ዞሬ ነው፤
የማን እንባ እንደሆነ ለመለየት ቢቸግርም።

ውዳሴ የቆመች ዕለት፣ ሦስት እርምጃ የሄደች ዕለት
አጨበጨብን፤
እያጨበጨብኩ ዓይኔ ወደ አልጋው ሸሸ።
ይህን ለይርጋም አልነገርኩትም፦
ደስታዬ በአንድ እግሩ ያነክሳል።
ትርሲት በበኩሏ ያን ወር
ያለ ማሽን አሥራ አንድ ደቂቃ ተነፈሰች፤
ለዚያ ግን የሚያጨበጭብ ጎረቤት ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ በሩ ተደበደበ፤
«እማ! ትሲ አለቀሰች! ትሲ አለቀሰች!»
ራቁቴን ሮጥኩ። እውነቷን ነው።
ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ
የእህቷን ለቅሶ በአፏ ተሸክማ
በኮሪደሩ ላይ ታደርሰኛለች።
ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደምትጮህ አልጠየቅሁም።

በዚህ ክረምት ትርሲት ጉንፋን ይዟት ተመልሳ ገባች።
ማሽኑም፣ ይርጋም አብረዋት ሄዱ።
ውዳሴ እንቅልፍ እምቢ አለች።
ወተት ሰጠኋት፣ አዘልኳት፣ ተረት ነገርኳት፤
ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤
«ነፋሱ የታለ?» አለችኝ።
በርገን ውስጥ ነፋስ ጠፍቶ አያውቅም፤
መስኮቱን ብከፍትላትም ያ አይደለም፣ ራሷን ነቀነቀች።
በኋላ ገባኝ።
እንቅልፍን የተማረችው በእህቷ ማሽን ነው።

የምድጃውን ጢስ መሳቢያ አበራሁት።
ሁሁሁ አለ። ዐይኗ ተከደነ።
ይርጋ ደወለ፦ «ተኛች?» «ተኛች። ያቺስ?»
«ያቺማ በሩን በሩን እያየች ነው።»
ስልኩን ወደ መሳቢያው ሳስጠጋው
ወዲያ ማዶም ሁሁሁ ይላል።

ሌሊቱን ሙሉ፣ ምንም ሳይጣድበት፣
የምድጃው ነፋስ ሲነፍስ አደረ።