የናዝሚዬ ፈረቃ

በደኒዝሊ ከተማ፣ ፎጣ በሚሸመን፣
ሰማንያው መኪና ሲያጓራ ሌት ከቀን፣
ሹክሩ፣ የፈረቃው አለቃ፣ ይጮኻል፤
አፉን እናያለን፣ ቃሉን ማን ይሰማል?

ናዝሚዬን «ደወል አትሰማም» ብሎ ስድስት ዓመት
ካርቶን ስታሽግ አኖራት ምድር ቤት።

ሸማኔ ጠፋና አንድ ክረምት ወጣች፤
«መብራት ስቀሉልኝ» ብላ ጽፋ ሰጠች።
ቀይ አምፖል ሰቀሉ ከደወሉ ራስ፤
ብልጭ ይላል አሁን አንድ ክር ሲበጠስ።
እኛም ቀና አልን።
ለካስ ያንን ደወል
ማናችንም ሰምተነው አናውቅም።

ዛሬ በጣት ሆኗል ሐሜቱም ምክሩም፤
«ክር አቀብይኝ»፣ «ልጅሽ ተሻለው ወይ?»፣
«ደሞዝ ዘገየ» እንላለን ከድሩ በላይ።

ለሹክሩም በእጇ ስም አወጣችለት፦
አራት ጣት ካውራ ጣት፣ ገጠም፣ ከፈት፣ ገጠም።
ሳቅን።
«ምን ማለት ነው?» ብሎ ጮኾ ጠየቀን።
ማን ሰምቶት።