አራተኛው ቤት

በአንችናሉ ጓሮ፣ ሽምብጥ ከሐይቁ ዳር፣
ድንክ ዶሮ አለች ከአፈር የምትማከር።
እግሯ ከጣት አይበልጥ፣ ጤዛ በደረቷ ትጠርጋለች፣
አጥር አትዘል፣ የሰው ጎመን አትጭር፤ ገበያ ላይ ትወደዳለች።
አውራ ዶሮውም እንደሷው አጭር ነው፣
ጎህ ሲቀድ ቁመቱን በድምፁ የሚያሟላው።

አሥራ ሁለት እንቁላል ታስታቅፋታለች፣
ነጎድጓድ እንዳይመታው ከጭዱ ሥር ሚስማር ትሸጉጣለች።
ሃያ አንድ ቀን።
ዘጠኙ ጫጩት።
ሦስቱ ዝም።
በሌላ ጊዜ ሁለት፣ በሌላ ጊዜ አራት፣ ያለ ዝም ግን አይቀርም።

"ሚስማሩን ሁለት አደረግሁት" አለችኝ፣ "መብረቁ ግን መጣ፤
ምን ዓይነት መብረቅ ነው ከአራት አንዱን ቆጥሮ የሚቀጣ?"

እኔ መምህርት ነኝ፣ ባዮሎጂ፣ የከሰዓት ፈረቃ፤
ጠመኔው ከጣቴ ሳይለቅ አስቀመጠችኝ ከደጇ ጭቃ።
በስንጥር አራት ቤት ሠራሁላት መሬት ላይ፣
እንደ ገበጣ። "ይኸው ከእናት" አልኩ ከላይ፣
"ይኸው በጎን ከአባት። እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ያጎርሳል፤
ወይ ረጅም እግር፣ ወይ አጭር እግር ያወርሳል።
ረጅም ከረጅም፣ ተራ ዶሮ።
አጭር ከረጅም፣ ያቺ የምትወጂያት። ይኼኛውም እንደዚያው።
አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስት ቤት።"
ስንጥሬ ቆመች። አራተኛው ቤት
አጭር ከአባት፣ አጭር ከእናት።

"ይኼስ?"
"ይኼ አይፈለፈልም። አጭርነት ከአንድ ወገን ሲመጣ ጌጥ ነው፣ ያስወድዳል፤
ከሁለቱም ሲመጣ ግን ገና በቅርፊቱ ውስጥ ይገድላል።
ገዳይ አሌል እንለዋለን፤ ተማሪ በደብተሩ ይጽፈዋል፣
ፈተና ላይ 'ሁለት ለአንድ' ብሎ፣ የሞተውን ሳይቆጥር ያልፈዋል።"

ሦስቱን እንቁላል በመዳፏ አገላበጠች።
"በድለው ነው?"
"የለም።"
"እናትየዋስ?"
"የለም። ያላትን ሰጠች፣ አባትየውም ያለውን ሰጠ፤
ስጦታው አንድ ዓይነት ሆነና ልጁን ዋጠ።"

ደንገል የጫነ ታንኳ በዝግታ አለፈ። እሷም አላየችው።
"እስቲ ሌላ ቤት ሥሪልኝ" አለች። "የዶሮ አይደለም። የሰው።"

ነገሩን ሰፈሩ ያውቀዋል፣ በፊቷ ግን ማንም አያነሳው፦
ትርንጎን በአራት ዓመቷ ወባ ጣላት፤ ደም ያስፈልጋል ተባለ፤
የአባት ኤ፣ የእናት ቢ፣ የልጅቱ ኦ። ወረቀቱ አባትየው እጅ ዋለ።
ስሙ ይርሳው ነበር። ያቺን ፊደል ግን አልረሳም፤
"ኦ ከየት መጣች?" ብሎ ወጣ። ዳንግላ ነው አሉ። አልተመለሰም።
አሥራ ሦስት ዓመት።

አዲስ ቤት ሠራሁ፤ እጄ እንደ ጀማሪ ተንቀጠቀጠ።
"ደም ላይ ምርጫው ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው፤
ለአንድ ሰው ግን ከሦስቱ የሚደርሰው ሁለት።
ኤ ይናገራል። ቢ ይናገራል። ኦ ዝምተኛ ናት፤
ከኤ ጀርባ፣ ከቢ ጀርባ፣ ስንት ትውልድ ተደብቃ ትሄዳለች።
በይርሳው ውስጥ ኦ ካለች፣ ባንቺም ውስጥ ካለች፣
አንደኛው ቤት ኤቢ። ሁለተኛው ኤ። ሦስተኛው ቢ።"
"አራተኛው?"
"ኦ እና ኦ።"

ያው ቤት ነበር፣ ያው ታች፣ ያው የቀኝ ጥግ፤
ዶሮዋ ዝምታ የታቀፈችበት።
"ልጄ እዚህ ናት?" ጣቷን አሳረፈችበት።

"ልትሆን ትችላለች" አልኩ። ጠመኔ አይምልም፤
'ይሆናል' ይላል እንጂ 'ነው' አይልም።
"እኔ 'ነው'ን አውቀዋለሁ" አለች። "ምስክር አልለመንሁም፤
ያኔ ግን 'ይሆናል' የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም።"

ድንኪቱ መጣች፣ በሁለቱም ሥዕል መሐል አለፈች፤
የሞተውንም ያለችውንም በደረቷ ጠረገች።
አንችናሉ አልተቆጣቻትም።
"በወረቀት ሥሪልኝ" አለችኝ። "ለዳንግላ አይደለም።
ለትርንጎ።"