ካፖርቱ

ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ ታኅሣሥ ልማዱን ከረሳ፤
ፀሐይ ቀጥራን ቀረች፤ ደመናው ተኝቶ
የሚቀሰቅሰው አጥቶ አልተነሳ።
ከእንጦጦ የሚወርድን ንፋስ ድሮ ቤት ያደናቅፈው ነበር፤
በረንዳ ይይዘው፣ ቆርቆሮ ይከራከረው፣ ያደክመው አጥር።
ዛሬ ፒያሳ ገላጣ ነው፤ የሚያስቆመው የለም፣
ስሜን ሳይጠይቅ አጥንቴ ይገባል፤ ሰላምም አይልም።

ሥራዬ መኪና ማስቆም ነው፤ ከቸርችል ወገብ እስከ ፖስታ ቤት መታጠፊያ፤
ንብረቴ የቲኬት ጥራዝ፣ እስክሪብቶ፣ አረንጓዴ ሰደሪያ።
ሰሞኑን እስክሪብቶውም በርዶት አይጽፍ፤ በትንፋሼ አሞቀዋለሁ፣
ሰዓት ነው የምሸጠው፤ ካልጻፍኩ በምን እበላለሁ?
ሳንቲም ስቀበል ብረቱ ጣቴን ይቆነጥጣል፤
መንገድ የጠየቁት ሰው፣ እጁን ብብቱ ከቶ፣
በአገጩ ያመለክታል።

ጎረቤቴ ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ የመድኃኒት ቤቱ ዘበኛ፣
በወጣትነት ሚንስክ የተማሩ፣ ያኔ የውሃ ሙያተኛ።
ከዚያ ያመጡት ካፖርት አለ፤ ጥቁር፣ እንደ በር የከበደ፣
አርባ ዓመት በናፍታሊን ኖረ፤
ብል ፈራው፣ ሰው ግን ቀለደ፦
«ጋሼ፣ ድንኳኑን የሚያከራዩት ለሠርግ ነው ለለቅሶ?»
በዚህ ሰሞን ግን ከሁሉ ቀድሞ የበረደው ቀልዳችን ነው፤
ካፖርቱ ሲያልፍ ሊስትሮው በዓይኑ ይገባበታል፤ እኔም ያው።

በአሥረኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጨለመ።
የታክሲው ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ መሃል ላይ ዝም አለ።
መጀመሪያ አንድ። የመኪና ጣሪያ ላይ፦ ጣ።
ከዚያ ሁለት።
ከዚያ ማንም የማይቆጥረው መጣ።

ጃንጥላ ተበሳ፤ የአዟሪው ሎተሪ ከነዕጣው ረጠበ፤
ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ለገሃር አስፋልቱ ነጭ ደረበ።
ከባንኩ ጥላ ስር ባለ ከረባትና ባለ ጆንያ ተጣበቁ፣
ሳይተዋወቁ፣ አንዱ በአንዱ ትንፋሽ ሞቁ።

ሲያባራ፣ ጎማ ያልነካው ነጭ፤ ጆሮን የሚያሳክክ ዝምታ።
የመንገድ ጽዳቷ አስካለማርያም መጥረጊያዋን አንስታ ቆመች፤
«ይኸን ደግሞ ወዴት ልጥረገው? ሰማይ መልሶ አይቀበለኝ» አለች።
«ስኖው! ልክ እንደ ፊልሙ!» አለ ሊስትሮው ናሁሰናይ፣
እፍኝ እፍኝ እየዘገነ፣ እየበተነ ወደ ሰማይ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው ዘገኑ፤ ሊያድቦለብሉት ሞከሩ፤
ፍሬዎቹ ግን እንደ ቆሎ
በጣታቸው መሃል ተዘረገፉ እንጂ አልተባበሩ።
«ይህ አይደለም» አሉ። «ያኛው ድምፅ የለውም፤ ሌሊት ይመጣል፤
ማለዳ መስኮት ስትከፍቺ፣ ዓለም ይቅር የተባለ ይመስላል።
እኛ ሁለቱንም በረዶ እንላለን፤
የሚደበድበውንም፣ የሚዳብሰውንም፤
ቋንቋ ምን ያድርግ፤ ያኛው የዚህን ከተማ ደጅ ረግጦ አያውቅም።»
አንድ ስም ሊጠሩ ያሉ ይመስል ከንፈራቸው ተላቀቀ፤
ስሙ አልወጣም፤ የካፖርቱ የላይኛው ቁልፍ ብቻ ጠበቀ።

መኪኖቹ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ቁልቁለቱን የደፈረ የለም፤
አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፤ ቲኬቴ ይቆጥራል፣ በረዶ አያውቅም።
ባለ ቪትዙ መስታወቱን ዝቅ አርጎ «እኔ መቼ ቆምኩ? እሱ ነው ያቆመኝ፤
ሂሳቡን ከላይ ጠይቂ!» ብሎ ጣቱን ወደ ደመናው ቀሰረልኝ።
እውነቱን ነው።
ማታ ግን አለቃዬ ጉርዱን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤
የሰማይ ዕዳ ደግሞ በማን ስም ይጻፋል?

እስክሪብቶዬን አሞቅሁ። ታርጋ በሚለው ቦታ «በረዶ» ብዬ ጻፍኩ፤
የገባበት ሰዓት፦ ዘጠኝ ተኩል። የወጣበትን ክፍት ተውኩ።
ጋሽ ሸዋንግዛው በትከሻዬ በኩል አነበቡት፤
ከካፖርቱ ጥልቅ ኪስ ናፍታሊን የሚሸት አሥር ብር ወጣ፤
«ለዚያኛውም አንድ ቁረጪልኝ» አሉ፤
«ምናልባት ከመጣ።»