የዕዳ ሰው

ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ፣ ሳልሚያ ካለው ቤት፣
የሟቹን ናኾዳ መጻሕፍት ከአቧራ ስናነጻለት
(የመርከብ አዛዥ ሳለ ከቦምቤይ ያጋዘው፣
እሱ ከሞተ ወዲህ ከኛ ሌላ ማንም ያልነካው)
ሱሚያቲ ድንገት ቆመች፣ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጥላ፤
በጥቅሻ ጠራችኝ፣ የሥዕሉን ስም በጣቷ ከልላ።

አንድ ፍጡር ቆሟል፤ ጠጉራም፣ ክንደ ረጅም፣
ዘንግ የተመረኮዘ። ጭላዳ አይደለም፣ ጉሬዛም አይደለም።
ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ
እንደቆመ ባይተዋር፣ ተቀመጥ የሚለው አጥቶ።

«ኦራንግ ማለት ሰው ነው፤ ሁታን ማለት ዱር፤
የዱር ሰው እንለዋለን በኛ በባንጃር አገር።
ይህ ጸሐፊ ግን እዪው፣
ጅራት ለሌለው ፍጡር ጅራታም ፊደል ቀጠለው፤
ሁታኑን ሁታንግ አለው።»
ሁታንግስ ምንድን ነው?
«ዕዳ።»

የድሮ ሰዎች እንዲያ ጻፉት፣ አንዱ ከአንዱ እየቀዳ፤
ስንት ዘመን ተነበበ የዱሩ ሰው፣ የዕዳ።

ሳቅን። ሳቁ ግን ከአንገት በታች አልወረደም።
የሷ ደላላ ሱራባያ፣ የኔ ደላላ ደሴ፤ አንድም ቀን አልተያዩም፤
ከአንድ ቀለም የነከሩ ይመስል ግን ሁለታችንን ሲጽፉን
ያንኑ ጅራት ቀጠሉት ከስማችን ጫፍ፤
የአሥር ወር ደመወዝ ይጎተታል ከኋላችን።

ሌላም ነገረችኝ፣ አያቷ ይሉት የነበረ፦
«መናገር ይችላል አሉ፤ አውቆ ነው ዝም ያለ፤
አፉን የፈታ ቀን ሥራ እንደሚጭኑበት ስለገባው።»
እኔ ሞኚት በሦስት ወር አረብኛውን አቀላጠፍሁ፤
«ሐዲር» ማለት በቻልሁ ማግሥት
የላይኛው ፎቅ ተጨመረልኝ፣ አሮጊቷም፣ የአክስቲቱም ቤት።

በረመዳን ሃያ ሰባት ሱሚያቲ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ
አልተመለሰችም፣ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ትታ።
አባወራው ለፖሊስ ሲደውል «ጋበት፣ ጋበት» ይላል።
የልጃቸው መጽሐፍ ያንን ፍጡር «ኢንሳን አልጋብ» ይለዋል፤
ጋብ ዱር መስሎኝ ነበር።
ለካስ ጠፋ ማለትም ነው፣ ከቦታው ታጣ፣ ቀረ።
ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ባውቅም አልናገር።

ከዚያ ወዲህ እመቤቲቱ እኔን «ሱሚ» ትለኛለች።
ስሜ ሉባባ ነው ብያት ነበር፤ እሺ አለች፣ ራሷን ነቀነቀች፤
በማግሥቱ ሱሚ፤
ምላሷ የለመደውን መርጣ።

ዛሬ ሐሙስ ብቻዬን ገጹን ገለጥሁት።
ከግርጌው፣ በደበዘዘ እርሳስ፣ የናኾዳው የእጅ ጽሑፍ አለበት፤
አንድ በአንድ ፊደል ለቅሜ እንዲህ አነበብሁት፦
«ይህኛው ከምሥራቅ አይደለም። ከአፍሪካ ዳርቻ ነው የተያዘ።
በሌላው ስም ጠሩት።»

ስሙን በጣቴ ከለልሁ።
ወንድሜ፣ አልሁት በአማርኛ፣ እናትህ ማን ነበር ያለችህ?
ዓይኑን እንደሰበረ ነው። ያውቅበታል፣
አልመለሰልኝም።

ከፎቅ «ሱሚ!» ተባለ።
ጥቂት ቆየሁ።
ጥቂት ብቻ።
«ሐዲር» አልሁ።