ማጠፊያው

ዓርብ ከሰዓት፣ አኮ፤ ገበያው ሲታጠፍ፣
ዓሣ ሻጭ በረዶውን ቦይ ላይ ሲያራግፍ፣
ሁለቴ መንገድ ስቼ በቅያሱ ዞሬ
ከጥንት ነጋዴዎች ግቢ ገባሁ ዛሬ።

ታች ግመል ያድር ነበር፣ ላይ ደግሞ ባለጥጡ፤
ምሰሶዎቹ አሁንም ቆመዋል፣ እንግዶች እስኪመጡ።

ከደጃፉ በላይ ስም አለ፣ ድንጋይ ላይ የተጻፈ፤
ጀሪስ ከበርጩማው ሆኖ፣ “ብዙ አበድሮ ያለፈ
ሰው ነው” አለኝ፤ “አያቴም ዕዳ ነበረበት።”
ሳቀ። ዕዳው ዛሬ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁት።

እኔ ፊደሉን አላውቅም። ዓይኔን የያዘው
ከበሩ ጥግ ያለው፣ ዝገት የበላው
ማጠፊያ ነው፤
ሦስት የመዶሻ ጠባሳ፣ አንዱ ወደ ግራ የዘመመ፣
ምናልባት ሰው ጠርቶት፣ ምናልባት ክንዱ ደከመ።
የቀጥቃጩ ስም የትም የለም።

አባቴም እንዲህ ይመታ ነበር።
ማረሻውን ይገዙታል፣ ዓይኑን ይፈሩታል፤
ከገበያ ሲመለስ፣ ብሩን ይዞ፣ ስድብ ለብሶ ይገባል።

የዘመመው ጠባሳ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።
ገጠመ።
የመጨረሻው አውቶቡስ ሰንበት ሳይገባ ይሄዳልና
ዝገቱን ከጣቴ ሳልጠርግ ተሳፈርኩ።