የኮላር ሳህኖች

(የወርቅ ጉድጓዱ መንደር፣ ደቡብ ሕንድ)

በኮላር ቆርቆሮ ቤት ተደርድረን ስንኖር፣
ሌሊት ከእግራችን ስር ዓለቱ ሲሰበር፣
ሳህኑ ከመደርደሪያ ተንጫጭቶ ይነግረናል፤
እናቴ ትነሣለች፦ «ዛሬስ ማንን ወስዷል?»

አባቴ ኤሉማላይ፣ ቁጥር አራት ሺህ ሰባት፣
የነሐስ ምልክቱን አስረክቦ ይገባል ጠዋት፤
ሲወጣ ጥርሱን፣ ኪሱን፣ ጫማውን ይፈትሹታል፤
ሳንባው ውስጥ የያዘውን ግን ማን ፈልጎ ያውቃል?

ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ጠጠርማ ምን አለበት፣
ለወንጭፍ ይሆናል፣ ለቤት መሠረት፤
የኛ ብድር መላሽ ግራጫ ዱቄት ክምር፣
ንፋስ በተነሣ ቁጥር ሩዛችን ላይ የሚሰፍር።

ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ውሃ ሞላው አሉ፤
የሊፍቱ ገመድ ለቁራሌው ተሸጠ፤ ሳህኖቹም ዝም አሉ።
እናቴ ግን አሁንም በዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች፣
ጸጥታው ቀስቅሷት፣
መደርደሪያውን በእጇ ትነቀንቃለች።